«እኔን!» ማለት የት ቀረ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 62 ነው። ዘጌ ተወልጄ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ እኖራለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቻለሁ። የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ስሟን አላውቅም። ይህን ካነበበች ግን ራሷን ታውቃለች።

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጣና ዳር ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ሐይቁ ሞልቶ ደፍርሷል። በዚያ ሰሞን ከተማችን ተመራቂ በተመራቂ ናት። ዘንባባው ሥር ብትሉ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ብትሉ፣ የትም ጥቁር ጋውን ነው። እኔ ደስ ይለኛል። ቁጭ ብዬ ሳያቸው የሁሉም እናት የሆንኩ ይመስለኛል።

አንዲት ልጅ ከእናትና ከአባቷ ጋር መጣች። አባትየው ጋቢ ደርበው ዱላ ይዘዋል። የእናትየው ቀሚስ አዲስ ነው፤ ከሳጥን ሲወጣ የነበረው እጥፋት ገና አልለቀቀውም። ፎቶ አንሺው ልጅቷን «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» ይላታል። እሷም እየሳቀች ወደ ኋላ ትሄዳለች። ወደ ጀልባው የሚያሻግረው ሳንቃ ላይ ወጣች። ሳንቃው እርጥብ ነው። ታኮዋ ከዳት። ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቁጭ አለች። ቆቧ ከራሷ ላይ ወልቆ ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ።

እናትየው «እኔን ልጄን!» ብለው ጮኹ። አባትየው ዱላቸውን ዘረጉላት። ከእነሱ ሌላ እጁን የዘረጋላት ሰው አላየሁም። እኔም ሲኒዬን አስቀምጬ እስክነሳ ልጅቷ በአባቷ ዱላ ወጥታለች። ዙሪያዬን ሳይ ስልክ ነው። ቆጠርኳቸው፣ ሰባት። ሁሉም ወደ እሷ ተደግነዋል። ሳቁ ደግሞ ሐይቁን አልፎ ይሰማል። ልጅቷ ፊቷን በጋውኑ እጅጌ ሸፈነች። ጋውኑ ውሃ ያንጠባጥባል። እናትየው በነጠላቸው ሊያደርቋት ይታገላሉ። ባጃጅ ጠርተው ይዘዋት ሄዱ። ባጃጁ ውስጥ ስታለቅስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እንደ ሄዱ አንድ ጀልባ ነጂ በመቅዘፊያው ቆቡን ስቦ አወጣው። ቢጣራ ማን ይስማው!

በነጋታው እሑድ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ይቺን እያት» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እሷው ናት። ቲክቶክ ላይ ወጥታለች። ዘፈን ገብቶበታል። የምትወድቅበት ቦታ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። እናትየው «እኔን ልጄን!» ያሉበት ድምፅ ግን ተቆርጧል። የእህቴ ልጅ ደግ ልጅ ነው። እኔ ሳልስቅ ሲያየኝ «ምነው?» አለ። «እዚያው ነበርኩ» አልኩት። እናቷ ያሉትንም ነገርኩት። ለጓደኞቹ ሊልከው ነበር፤ ተወው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ የተቆረጠች ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። «እኔን!» የምትል ቃል። ሰው ሲደናቀፍ፣ ሕፃን ሲወድቅ፣ ወጥ ስትሠራ አንዷ ጣቷን ሲያቃጥላት፣ ከአፋችን ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። «እኔን ይድፋኝ!» ማለት ነው። በአንተ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው። ማንነቱን ለማታውቀው መንገደኛ ጭምር ይባላል። ሰውየው ገና አፈሩን ከጉልበቱ ሳያራግፍ ውድቀቱን ግማሹን ትወስድለታለህ። ቅጽበት ናት። ግን ወደቅሁ ብሎ ቀና የሚለው ሰው መጀመሪያ የሚሰማት እሷን ከሆነ፣ ቀጥሎ አብሯችሁ ይስቃል። መጀመሪያ የሚሰማው ሳቅ ከሆነ ግን ፊቱን ይሸፍናል።

ሳቅ አልወድም ማለቴ አይደለም። እኔ ሳቄ ጩኸት አለው። ልጅ ሆኜ እናቴ «ሴት ልጅ ጥርሷን አታሳይም» እያለች ነጠላዬን በአፌ ላይ ታስይዘኝ ነበር። ሳቅ የሚያውቅ ሰው አድርጎ ያሳደገኝ ግን አባቴ ነው። ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ዘጌ በሬ አይጠመድም። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አባ በትረ ማርያም ለሀገሬው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደሰጡት አባቶች ይነግሩናል። እኛም በዚያው ነው ያደግነው። አባቴ ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳውን የሚሠራው ራሱ ነው። ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከጉዞ መልስ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። አባቴ ሲያሰጣው ያነጋግረዋል። «ደከመህ አይደል? በል እረፍ» ይለዋል። ጠዋት ወደ ሐይቁ ሲወርድም ጣናን «እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ሰው ፊት ይሁን ብቻውን፣ ለውጥ የለውም።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ጆንያ ሎሚ ጭነን ወደ ባሕር ዳር መጣን። ከተማው ዳር ልንደርስ ስንል የጊዮርጊስ ዛፎች ታዩኝ። ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ። በታንኳ ላይ አይቆምም። ተናጋ፣ አዘመመ፣ የጆንያው አፍ ተፈታ። ሎሚው በሙሉ ጣና ላይ ፈሰሰ። አይሰምጥም እኮ ሎሚ! ቢጫ ቢጫውን እያሳየ ማዕበሉ ላይ እየዘለለ ራቀን። ውኃው በዚያች ጠዋት ፀሐይ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ እስከ ዛሬ ይታየኛል። የአንድ ሳምንት ልፋት ነው። አባቴ ይመታኛል ብዬ ታንኳው ላይ ተኮራመትኩ።

በአካባቢው እንጨት የጫኑ ሦስት አራት ታንኳዎች ነበሩ። ከሁሉም «እኔን! እኔን!» የሚል ድምፅ መጣ። እየቀዘፉ መጥተው በእጃቸው ይለቅሙልን ጀመር። አባቴ ዝም ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሎሚውን አየ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ጎንበስ ብሎ «ጣናዬ፣ ሎሚ አምሮህ ነው? ብትጠይቀኝ እሰጥህ አልነበር!» አለ። ሳቀ። እንጨት የጫኑት አንዱ ሽማግሌ «ጥምቀት ሳይደርስ ሎሚ ወረወርሽ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከጆንያው ግማሽ ያህሉ ተመለሰ። ገበያ ስንደርስ አባቴ ለገዢ ሁሉ «ይህ ጣና ያጠበው ሎሚ ነው» እያለ ሸጠው።

እስከ ዛሬ ያ ቀን ትዝ ሲለኝ የሚሰማኝ ደስታ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ኪሳራውም ትልቅ ነበር። ግን መጀመሪያ የሰማሁት «እኔን» ነው። ቀጥሎ እጅ መጣ። ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣና ዳር ያየሁት ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

ከአባቴ የወረስኩት አመል አለኝ። ዕቃ አነጋግራለሁ። ምጣዱን አነጋግራለሁ፤ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ «እሰይ፣ አየሽኝ» እለዋለሁ። ቁልፌ ሲጠፋብኝ ቁልፉን እጠራዋለሁ። መዝገብ ቤት ስገባ ደግሞ መደርደሪያ ሙሉ የማነጋግረው አገኘሁ። በሺህ የሚቆጠር ፋይል ነው። ቁጥሩን ስቶ የተሳሳተ ቦታ የገባ አንድ ፋይል ካለ ተሰውሮ ይቀራል። እሱን የምፈልገው እያወራሁት ነው። «አንተ 412፣ ጓደኞችህ እዚህ ናቸው፣ አንተ የት ገባህ?» ስለው ዓይኔ ያርፍበታል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ስናገር ሐሳቤ አይበተንም።

ገና የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ከበሩ ጀርባ አንዲት ባልደረባዬ ለሌላው «ይቺ ልጅ ለየላት እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ተረቱ «አመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያ» ይል የለ? እኔም አመሌን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ከ10 ዓመት በላይ። ቃል ሊያመልጠኝ ሲል እስላለሁ። ሳቅ ሲመጣብኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ። ከሰው ጋር ቡና ስጠጣ ቃሌን እየመረጥኩ ነው። ይሉኝታ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ጀርባዬን ያመኝ ነበር፤ የተሸከምኩት ግን ዕቃ አልነበረም።

ከዚህ ሸክም ያወጣኝ አንድ ገበሬ ነው። ከአቸፈር የመጡ ሰው ናቸው። ፋይላቸው ጠፍቶ ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሦስተኛው ቀን መደርደሪያዎቹ መካከል ገብቼ ስፈልግ፣ የሌላ ወረዳ ፋይሎች ውስጥ ተሸጉጦ አገኘሁት። ሁሉን ረሳሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንተ! ሦስት ቀን ሙሉ ሰውዬውን አመላለስካቸው! ከአቸፈር ድረስ! ና ውጣ!» ብዬ ጎትቼ አወጣሁት። ዞር ስል በሩ ላይ አለቃዬ ቆሟል። ከጎኑ ገበሬው አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቃዬ ምንም አላለም። ገበሬው ግን ፊታቸው በራ። «እኔስ በሬዬን ቦራን እንዲህ አይደል የማናግረው!» አሉ። «ትልም ሲስት እቆጣዋለሁ፣ ሲሠራ አመሰግነዋለሁ። ያልተነጋገሩት ሥራ ይሳካል እንዴ?» ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ ያው የድሮው ሳቄ፣ ነጠላ ሳልይዝ። አለቃዬም ሳቀ። ገበሬው ፋይላቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አልደበቅሁም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይገረም ነበር። ከዚያ ለመዱት። ጠዋት ሲገቡ «ፋይሎችሽ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል፤ «ደኅና ናቸው» እላለሁ። ያልጠበቅሁት ነገር ቀጥሎ መጣ። ያቺ «ለየላት እንዴ?» ያለችው ባልደረባዬ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቷን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ተመልሳ በሩን ካልነቀነቀች ሥራ መምጣት እንደማትችል ነገረችኝ። በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ እንዳረፈደች፣ በምን በምን እንዳመካኘች ነገረችኝ። ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም። አንዱ ደግሞ ደረጃ ሲወጣ ካልቆጠረ ያዞረዋል። ያ ሁሉ ሰው ጉያው ውስጥ አንድ አንድ ነገር ይዞ ለካ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር!

አለቃ ገብረ ሃናን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የፎገራ ሰው ናቸው፣ የዚሁ የጣና ዳር። ስማቸው ሲነሳ ቀልዳቸው ነው የሚነሳው። እኔ ከቀልዳቸው ይልቅ የምወደው ዝማሜያቸውን ነው። ከጣና ማዕበልና ከደንገሉ መወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ እንደፈጠሩ ይነገራል። ጎንደር ላይ ሊቃውንቱ አልተቀበሉላቸውም። እሳቸው ግን አልደበቁትም፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ «የተክሌ ዝማሜ» ሲባል የምንሰማው እሱ ነው። በዓል በሆነ ቁጥር ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ጎን ወደ ጎን ዘንበል ሲሉ ሳይ አባቴና ታንኳው ይመጡብኛል። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ደንገል ሲያይ የሚውልን ሰው፣ ያኔም «ለየለት» ያለ አይጠፋም።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ስልክ የደገኑት የእኛው ልጆች ናቸው። ክፉዎች ናቸው ብዬ አላምንም። እምቦጭ ጣናችንን ሲወርረው፣ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው የነቀሉት እነማን ናቸው? የዚችው ከተማ ወጣቶች ናቸው። ለሐይቁ እጁን የዘረጋ ትውልድ ሐይቁ ውስጥ ለወደቀች እህቱ እጅ አያጣም። ስልኩ እጁን ይዞበት ነው። ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሰው ሲወድቅ ስታዩ መጀመሪያ አፋችሁ «እኔን» ይበል። ቀጥሎ እጃችሁ ይዘርጋ። የወደቀው ሰው ራሱ ከሳቀ አብራችሁ ሳቁ፣ እስኪበቃችሁ ሳቁ። ቪዲዮውንም ቢሆን እሱ ከፈቀደ አውጡት። ሳቁን የመጀመር መብት ግን የወደቀው ሰው ነው።

ሁሉም ነገር አያስቅም፤ ይህን አውቃለሁ። የተጎዳ፣ የታመመ ሰው ላይ አይሳቅም። መንገድ ላይ ብቻቸውን የሚያወሩ፣ በእርግጥም አእምሯቸውን ያመማቸው ወገኖች አሉ። እነሱን የሚቀርጽ ስልክ ሳይ ደሜ ይፈላል። በእኔና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት፣ እኔ ማታ የምገባበት ቤትና የሚያውቀኝ ሰው ስላለኝ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እናንተንም የምጠይቃችሁ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንባቢ አጋጣሚ የሚሆን ትንሽ ቦታ ብትሰጡን። ሰው የራሱን ውድቀት በራሱ አፍ የሚነግርበት። ወጡ ያረረባት፣ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ የሄደ፣ ለልቅሶ ቤት ሰዎች «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ የወጣ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አለ። ያንን ያነበበ ሁሉ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» እንዲል። የሎሚውን ታሪክ እኔ ጀምሬላችኋለሁ።

አሁን ለልጅቷ።

ልጄ፣ የእኔ ሲኒ ከእጄ እስኪወርድ ስለዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ቀን የወደቅሽው ውሃ አንድ ጆንያ ሎሚ የበላ ውሃ ነው፤ ክፋት የለውም። አባትሽ ዱላቸውን ሲዘረጉልሽ እጃቸው እንዳልተንቀጠቀጠ አይቻለሁ። ቪዲዮው ላይ ያ አይታይም፣ ስለዚህ ልነግርሽ ፈለግሁ።

ጀልባ ነጂው ያወጣውን ቆብሽን ወስጄዋለሁ። ውስጡ ያለው ካርቶን ላልቶ ነበር። አክንባሎ ላይ አድርጌ ሁለት ቀን አደረቅሁት፣ ከዚያ በጨርቅ ሸፍኜ ተኮስኩት። እያወራሁት ነው የሠራሁት። ከዘርፉ ጥቂት ክሮች ጎድለዋል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ አስቀምጬልሻለሁ፤ ያው ጀልባዎቹ የሚቆሙበት አጠገብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔም እዚያ ነኝ። እናትሽንና አባትሽን ይዘሻቸው ነይ። ቡናው በእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመዝገብ ቤት ጡረተኛዋ
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር